አታስተርጉሙ፣ አስወሩ

አማርኛና አገውኛ ታሪክ የሚተርኩበትን መንገድ ለማወዳደር ስነሳ መጀመሪያ ሰሞን የሠራሁትን ልንገራችሁ። ከእንጅባራ የመጣ ተማሪ ጣና ዳር አስቀምጬ «‹ሰውየው ዓሣ ያዘ› በአገውኛ እንዴት ይባላል?» እያልኩ ስልሳ ዓረፍተ ነገር አስተረጎምኩት። የአማርኛዬን ቅርጽ እግር በእግር ተከትሎ መለሰልኝ። በመሃል እናቱ ደወሉ። ከእሳቸው ጋር ሲያወራ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩትን የሚመስል ነገር አልሰማሁም። ስልሳውንም ሰረዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ተራኪ አንድ ንግግር አልባ ቪዲዮ አሳይቼ ያየውን ለሌላ ሰው እንዲተርክ አደርጋለሁ። ዘዴው የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ዋላስ ቼፍ እ.ኤ.አ. በ1975 በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ያሠራው ፊልም ስድስት ደቂቃ ያህል ነው፣ ልጅ በብስክሌት መጥቶ ፒር የሚባል ፍሬ ይሰርቃል። የእኔ ተራኪዎች ግን «ፍሬው ምንድን ነው?» እያሉ ስላስቸገሩኝ የራሴን ቀረጽኩ፦ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳ ሲወርድ፣ ልጅ አንድ ዓሣ ሲሰርቀው።

አድማጩ ቪዲዮውን ያላየ ይሁን። እናንተ ካዳመጣችሁ ተራኪው «ያው እንዳያችሁት» ብሎ ያሳጥርባችኋል። ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅጂውን በጠዋት ያዙ፣ ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ድምፁን ይበላዋል።

ስትጽፉ እያንዳንዱን ግሥ በየራሱ መስመር አስፍሩ። «እኮ»ን፣ «ታዲያ»ን፣ «እንግዲህ»ን እንዳታጸዱ! አንዷ ባለአማርኛ እንዲህ አለች፦

«ልጁ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ አንዱን ዓሣ አንስቶ፣ ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ላጥ አለ። ሰውየውስ? ሰውየው እኮ መረቡን ይፈታል!»

ሦስት ቦዝ አንቀጽ (ቃኝቶ፣ አንስቶ፣ ከቶ)፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ አንድ ማሰሪያ (ላጥ አለ)። ይህን ቁጠሩ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «ሰውየውስ» ላይ ያለችው «ስ» ናት፤ የአድማጩን ዓይን ከልጁ አንስታ ሰውየው ላይ ታሳርፋለች። በስልሳው ትርጉም ውስጥ አንዴም ብቅ አላለችም። ጥያቄያችሁ «ለ‹ስ› አቻው ምንድን ነው?» አይሁን፤ «አገውኛ ወደ ሰውየው የሚመለሰው በምን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። መልሱ ቃል ላይሆን ይችላል፤ ዝምታም፣ የስሙ መደገምም ሊሆን ይችላል።

መመሳሰል ስታገኙ አትቸኩሉ። የቋንቋ ቤተሰባቸው ይለያያል፣ አማርኛ ሴማዊ፣ አገውኛ ኩሻዊ ነው፤ ሁለቱም ግን ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ፣ ለዘመናት ጎረቤት ናቸውና። ግዕዝን አጠገባቸው አስቀምጡ፦ የአማርኛ ዘመድ ሆኖ ግሡን ብዙ ጊዜ ያስቀድማል። ከአፍ ትረካ ጋር ግን አትቁጠሩት፣ ያለን ጽሑፉ ነው።

ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ካገኛችሁ ግማሾቹን በአማርኛ፣ ግማሾቹን በአገውኛ አስጀምሩ፤ በመሃል ሳምንት ይለፍ። እኔ በአንድ ቀን ያስወራሁት ሽማግሌ ሁለተኛው ላይ «ቅድም ነግሬሽ የለም እንዴ?» ብለው ተነስተው ሄደዋል።