ለመንፈስ ስንቅ ፍለጋ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነፍስን የሚያነቃ ነገር ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር የሚነሣ ሰው ፓስፖርቱን፣ ቲኬቱንና ሻንጣውን በደንብ ያሰናዳል። ንባቡን ግን «እዚያ ስደርስ አነባለሁ» ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ቦታው ላይ ቆሞ ምንም ሳይሰማው ሲቀር ጥፋቱን በቦታው ወይም በራሱ እምነት ላይ ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ዝግጅት ነው። ቀድሞ ልብ ውስጥ ያደረ ቃል ከሌለ፣ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ከማንም በላይ የምታስተምረን በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥታ ሲናንና ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤጌሪያ ናት። የጉዞ ማስታወሻዋ በከፊል በ1884 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጣሊያኗ አሬዞ ከተማ ተገኝቷል። በደረሰችበት ቦታ ሁሉ የምትከተለው ሥርዓት አንድ ነበር፦ መጀመሪያ ጸሎት፣ ቀጥሎ ስለዚያ ቦታ የሚናገረው የመጽሐፍ ክፍል በዚያው በቦታው ይነበባል፣ ከዚያ የሚስማማው መዝሙር ይባላል፣ በመጨረሻ እንደገና ጸሎት። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ቀላል ሥርዓት ከመዝለል የሚመጡ ናቸው።

ቦታውን አስቀድሞ፣ ንባቡን አስከትሎ መምረጥ

የተለመደው አካሄድ አገሩን መምረጥ፣ ቲኬት መቁረጥ፣ ከዚያ ስለዚያ አገር ሦስት አራት መጽሐፍ ማሰስ ነው። እንዲህ ሲሆን ንባቡ የአስጎብኚ መመሪያ ይሆናል፤ መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ስንት ዓመት ፈጀ። መረጃ ነው፤ ስንቅ ግን አይሆንም።

ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ አንድ አጭር ክፍል ይምረጡ፤ ቦታውን እሱ ያምጣው። ለምሳሌ ከመዝሙረ ዳዊት ከ120 እስከ 134 ያሉት 15 መዝሙሮች «የመዓርግ መዝሙር» የሚል ርእስ ያላቸው ናቸው፤ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ መንገደኞች ይዘምሯቸው እንደነበር ይነገራል። አንዱን መዝሙር ለሦስት ቀን ቢይዙት 45 ቀን ይወስዳል፤ ይህም ለአንድ ጉዞ በቂ ዝግጅት ነው። በመጀመሪያው ቀን ድምፅ አውጥተው ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በሁለተኛው ቀን በእጅዎ ይገልብጡት፤ እጅ ሲጽፍ ዓይን የዘለለው ቃል ይያዛል። ትርጓሜ የሚከፍቱት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ከከፈቱት የሌላ ሰው ሐሳብ የእርስዎን ቦታ ይይዝብዎታል።

ይህ ዝግጅት ቦታው ላይ ምን እንደሚለውጥ በአንድ ምሳሌ እንየው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች እጅ ይወድቃል። ብዙ አንባቢ «ሲወርድ» የምትለዋን ቃል ሳያያት ያልፋል። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ገደማ ላይ። በ30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ክፍሉን ደጋግሞ ያነበበ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ እንኳ ጆሮው ሲደፈንበት ቃሏ ትመጣለታለች፤ መስኮቱን ሲያይ የተራቆተው ኮረብታና ጥልቁ ሸለቆ ያ መንገደኛ ለምን የሚጮህለት እንዳጣ ይነግሩታል። ያላነበበው ጎረቤቱ በዚያው መንገድ ላይ እንቅልፉን ይተኛል።

መጽሐፍ ጭኖ መሄድ

አምስት መጽሐፍ ይዞ የሄደ ሰው አንዱንም አይጨርስም። ሲደክመው ቀላሉን ያነሣል፤ ቀላሉ ሲሰለቸው ወደ ስልኩ ይዞራል። የእግር ጉዞ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ራሱ ቅጣት ነው። ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ በሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚመክሩት የጀርባ ሻንጣ ከሰውነት ክብደት 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ውሃውን ጨምሮ 6 ኪሎ ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት መጻሕፍት የዚያን ሩብ ይወስዳሉ።

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በሚያዝያ ወር 1336 በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን የቫንቱ ተራራ እንደወጣ ጽፏል። ይዞት የወጣው መጽሐፍ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ የአውግስጢኖስ ኑዛዜ ነበር። ጫፍ ላይ ሆኖ በአጋጣሚ ሲከፍተው ያገኘው ቃል ሰዎች የተራሮችን ከፍታ ለማድነቅ ይሄዳሉ፣ ራሳቸውን ግን ይዘነጋሉ የሚል ነበር። በቁልቁለቱ ሁሉ ዝም ብሎ እንደወረደ ይናገራል። ትልቅ ጥራዝ ቢሆን ኖሮ ተራራው ግርጌ ይቀር ነበር።

እንግዲህ አንድ ትንሽ መጽሐፍ፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ። እስክርቢቶ በብርድና በእርጥበት እምቢ ይላል፤ እርሳስ ግን ይጽፋል።

እንደ ዜና ማንበብ

በስልክ የለመድነው ንባብ ዓይን ወደታች የሚንሸራተትበት ነው። በዚያ ፍጥነት መንፈሳዊ ጽሑፍ ሲነበብ ሁሉም ነገር «ይህንን አውቀዋለሁ» ይመስላል፤ ድርቀቱም ከዚህ ይመጣል። በ12ኛው መቶ ዘመን የካርቱዚያን መነኩሴ የነበረው ዳግማዊ ጊጎ ንባብን በአራት ደረጃ ያለ መሰላል አድርጎ አስቀምጦታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በጸጥታ መመልከት።

በተግባር እንዲህ ያድርጉት። ከ6 እስከ 12 ቁጥር ያለው ክፍል ይያዙ፤ ከዚያ አይበልጥም። 25 ደቂቃ ይመድቡ። መጀመሪያ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ፣ ለራስ በሚሰማ ድምፅ ያንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ያስቆመዎትን አንድ ቃል ወይም ሐረግ ይያዙ፤ ያስደሰተ ብቻ ሳይሆን ያስከፋም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ያስከፋው ብዙ ጊዜ የበለጠ ፍሬ አለው። ያንን ሐረግ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያመላልሱት። ቀጥሎ በራስዎ ቋንቋ ወደ ጸሎት ይለውጡት። የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ መጽሐፉን ዘግተው ዝም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህችን የመጨረሻ ክፍል ነው፤ ምንም ስለማይሠራባት ጊዜ ማባከን ትመስለውና ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይሄዳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታወቅ፤ የመዝሙር ቁጥር ከትርጉም ትርጉም ይለያያል። የዕብራይስጡን የሚከተሉ መጻሕፍት 121 የሚሉትን የሰብዓ ሊቃናቱን የሚከተሉት 120 ይሉታል። ልዩነቱ ከ10 ጀምሮ እስከ 147 ይዘልቃል። ውጭ አገር ጸሎት ላይ ሲቆሙ የሚነበበው መዝሙር ቁጥሩ ካልገጠመዎት፣ አንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይፈልጉ።

በአንድ ቀን አምስት ቦታ

ገንዘብ ወጥቶበታልና ሁሉም ይታይ የሚል ስሜት ይገባናል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። በአምስት ቦታ የሚያዞር መርሐ ግብር ለእያንዳንዱ ከመንገዱና ከሰልፉ የተረፈ 20 ደቂቃ ቢሰጥ ነው፤ ማታ ማረፊያ ሲገቡ የትኛው ሥዕል ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደነበር ይደባለቃል። በራሳቸው የሚጓዙ ሰዎች በቀን አንድ ዋና ቦታ ቢይዙ፣ በዚያም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቢቆዩ ይበቃል።

ከዚያ የተሻለው ደግሞ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ መሄድ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት ለዓይን ነው፤ መግቢያውን፣ መቀመጫውን፣ ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ያጠናሉ። ሁለተኛው ለንባብ ነው፤ ያለ ካሜራ፣ መጽሐፉን ይዘው፣ እንደ ኤጌሪያ ሥርዓት። ሰዓቱን ይምረጡ። በኢየሩሳሌም ያለው የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ገና ሳይነጋ ይከፈታል። በዚያ ሰዓት የሚሰማው የካህናቱ ዜማና የእግር ኮቴ ነው፤ ረፋድ ላይ ግን ወደ መቃብሩ የሚገባው ሰልፍ ረጅም ነው፣ ውስጥ የሚቆዩትም ጥቂት ቅጽበት ነው። በቡድን የሚጓዙ ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት መሪውን ቢያንስ አንድ ነፃ ንጋት ይጠይቁት።

ደንቡንና የቀን መቁጠሪያውን ሳያጣሩ መነሣት

በግሪክ ያለው የአቶስ ተራራ 20 ገዳማት አሉት፤ ለመግባት ዲያሞኒቲሪዮን የሚባል ፈቃድ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ኦርቶዶክስ ያልሆኑ ጎብኚዎች በቀን 10 ያህል ብቻ ናቸው የሚፈቀድላቸው፤ ሴቶች ደግሞ ጨርሶ አይገቡም። ገዳማቱ የሚመሩት በዩልዮስ ቀን መቁጠሪያ ስለሆነ ከዓለም አቀፉ 13 ቀን ወደኋላ ነው፤ «በበዓሉ ቀን እደርሳለሁ» ብሎ የቆጠረ ሰው ሁለት ሳምንት ሊሳሳት ነው። ፋሲካም እንዲሁ ነው። በ2024 የምዕራቡ ፋሲካ መጋቢት መጨረሻ ላይ ሲውል የምሥራቁ ግንቦት 5 ቀን ነበር፤ በ2025 ግን ሁለቱም ሚያዝያ 20 ላይ ገጠሙ። (ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሳንቲያጎ የሚሄዱ ደግሞ የምስክር ወረቀት የሚሹ ከሆነ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር ወይም 200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት መጓዝና በመጨረሻው ክፍል በቀን ሁለት ማኅተም ማስመታት ይጠበቅባቸዋል። አንድ ቀን የተረሳ ማኅተም ሲመለሱ አይገኝም።

ንባብን የሚከለክል ቦታ እንዳለም ይወቁ። ጎኤንካ በተባለው መምህር ትውፊት በሚሰጡ የ10 ቀን የቪፓሳና (ከቡድሃ እምነት የመጣ የጽሞና ልምምድ) ትምህርቶች መናገር ብቻ ሳይሆን ማንበብና መጻፍም አይፈቀድም። ይህን ሳያውቅ መጽሐፍ ተሸክሞ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን በቅሬታ ያሳልፋል። አውቆ የሄደ ግን ያነበበውን በቃሉ ይዞ ይገባል።

ካሜራውን ማስቀደም

በ2014 በታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት፣ በሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶ ያነሡ ሰዎች ዝም ብለው ከተመለከቷቸው ዕቃዎች ያነሰ አስታውሰዋል። አንድን ክፍል አቅርበው ያነሡት ግን አልረሱም። ስለዚህ ፎቶ መከልከል አያስፈልግም፤ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ በዓይን ይዩ፣ ከዚያ ሙሉውን ሕንፃ ሳይሆን አንዲት ነገር ያንሡ፤ በብዙ እጅ የተሻሸውን የበር እጀታ ወይም የሻማ ሰም የፈሰሰበትን ድንጋይ።

ደብተሩ ላይ የሚገባው ደግሞ የተብራራ ሐሳብ አይደለም። ሰዓት፣ የተነበበው ክፍል፣ በጆሮና በቆዳ የተሰማ ነገር፣ አንድ ጥያቄ። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። መዝሙር 121። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። አንዲት እናት መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተንበረከኩ፤ ለመነሣት ግን የማያውቁት ሰው ክንድ አስፈለጋቸው። ረዳቴ ከወዴት ይመጣል የሚለውን ስል፣ የማንን ክንድ እምቢ ብያለሁ?» አራት መስመር ነው። በዚያው ዕለት፣ ከእንቅልፍ በፊት ይጻፍ፤ ለነገ የተባለ ማስታወሻ «በጣም ደስ የሚል ነበር» ወደሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር ይለወጣል።

ድካምን ከመንፈሳዊ ድርቀት ጋር ማምታታት

ሰውነት ወደ አዲስ ሰዓት ለመስተካከል ለእያንዳንዱ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። በደረሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትልቁን ቦታ አይያዙ። እንቅልፍ ያጣና ምግብ ያልቀመሰ ሰው ወይ ምንም አይሰማውም፣ ወይ የማያምነው ያህል ብዙ ይሰማዋል፤ በሁለቱም ላይ ትልቅ ውሳኔ መወሰን ተገቢ አይደለም። የሲና ተራራ 2,285 ሜትር ነው፤ ብዙዎች ለፀሐይ መውጫ ብለው በሌሊት ይወጡታል፤ ጫፉ ላይ ብርዱ ከባድ ነው። ወፍራም ልብስ ያልያዘ ሰው ስለ ሙሴ ሳይሆን ስለ ሻይ ያስባል። ምንም ካልተሰማዎት ክፍሉን አንብበው፣ ሰዓቱን ጽፈው ይውረዱ።

እንደተመለሱ ማውራት

ሻንጣ ሳይፈታ ታሪኩ ለዘመድ ለወዳጅ አሥር ጊዜ ይተረካል። በሦስተኛው ትረካ ላይ የሚያስቀው ክፍል ይረዝማል፣ ጸጥ ያለው ይወድቃል፤ በአሥረኛው የሚታወሰው ጉዞው መሆኑ ቀርቶ ትረካው ይሆናል። ለአንድ ሳምንት በጥቂቱ ይመልሱ፤ «ደህና ነበር፣ በኋላ አጫውታችኋለሁ» ማለት ነውር የለውም። በዚያ ሳምንት ማስታወሻዎቹን በየቀኑ አንድ ገጽ እያደረጉ ያንብቡ፤ ደጋግመው የመጡትን ቃላት ያስምሩባቸው። ከወር በኋላ ደግሞ ከጉዞው በፊት ለ45 ቀን የያዙትን ክፍል በቤትዎ፣ በተለመደው ወንበር ላይ፣ በዚያው በሦስት ቀን ሥርዓት እንደገና ይጀምሩት፤ በእጅ የገለበጡትን የድሮውን ገጽ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ያኔ ሳያሰምሩ ያለፉትን ቃል ይፈልጉ።