የሃዋርድ ሂዩዝን ታሪክ ለትረካ ስታዘጋጁ

አሜሪካዊውን ባለሀብት፣ ፊልም ሠሪና አብራሪ ሃዋርድ ሂዩዝን የሚተርክ ሰው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ከረዘመው ጥፍሩ፣ ከተዘጋው መጋረጃ። አድማጭ ይሳባል፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ እብድ ሀብታም ሆኖ ይቀራል።

ከመቆፈሪያው ጀምሩ። አባቱ በፈረንጁ 1909 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ፣ ጥርስ ያላቸው ሾጣጣ ብረቶች እየተሽከረከሩ አለት የሚፈጩበት የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ ነበር። የአባቱ ኩባንያ መሣሪያውን አይሸጥም ነበር፣ ያከራይ ነበር። ይህችን ነገር አትዝለሏት። ልጁ በ18 ዓመቱ እናትም አባትም አልባ ሲሆን የወረሰው የማይነጥፍ የኪራይ ገቢ ነው፤ ፊልሙም አውሮፕላኑም የቆመው በዚያ ላይ ነው።

የ20 ደቂቃ ትረካ በእርጋታ ሲነበብ 1,800 ቃል ገደማ ይበቃዋል። 3 ደቂቃ ላደገባት ከተማ ለሂዩስተንና ለውርሱ፣ 4 ለሆሊውድ፣ 7 ለአቪዬሽን፣ 6 ለሕመሙና ለመጨረሻ ዘመኑ ስጡ።

ቀን ስትቀይሩ ከፈረንጁ ዓመት ሁልጊዜ 8 አትቀንሱ። ኤች-1 በተባለው አውሮፕላን የፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበረው ሴፕቴምበር 13 ቀን 1935፣ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1928 ነው፤ 8 የቀነሰ 1927 ብሎ ይሳሳታል። ፍጥነቱ በሰዓት 352 ማይል፣ ማለትም 567 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዚያው በረራ ነዳጁ አልቆ ማሳ ላይ በሆዱ ማረፉንም ጨምሩ።

ሂዩዝ ያሠራው ግዙፍ የእንጨት አውሮፕላን ላይ ደግሞ ስህተት ይበዛል። "ስፕሩስ ጉስ" (ከስፕሩስ እንጨት የተሠራ ዝይ እንደማለት) ሂዩዝ የሚጠላው የጋዜጣ ቅጽል ነው፤ አካሉም በአብዛኛው የበርች እንጨት ነው። አልበረረም የሚሉ አሉ፤ በርሯል። ኖቬምበር 2 ቀን 1947 ሎንግ ቢች ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከውሃው 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ለእኛ አድማጭ የሚቀርበው ክፍል ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፈረንጁ 1945 ሲመሠረት ስምምነቱ ከዚህ ኩባንያ ጋር ነበር፤ የመጀመሪያው በረራም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። በዚያን ጊዜ የቲ.ደብሊው.ኤ. ዋና ባለአክሲዮን ሂዩዝ ነው። ከዚህ አልፋችሁ "አየር መንገዳችንን ያቋቋመው ሂዩዝ ነው" አትበሉ። የተዋዋሉት የኢትዮጵያ መንግሥትና ኩባንያው ናቸው።

ወደ ሕመሙ ስትገቡ "ወፈፌ" የሚለውን ቃል ተዉትና ምክንያቶቹን በቅደም ተከተል ደርድሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሽታ አጥብቃ የምትፈራ እናት ነበረችው። ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር፤ ሰው ከተሰበሰበበት ቦታ ይልቅ ስልክ የሚመርጠው አንድም በዚህ ነው። በጁላይ 1946 ኤክስ.ኤፍ-11 የተባለውን የስለላ አውሮፕላን ሲሞክር የቀኙ ሞተር ዘይት ፈስሶ፣ ከሞተሩ ሁለት ፕሮፔለሮች የኋላው ወደ ተቃራኒ መግፋት ጀመረ፤ አውሮፕላኑ ቤቨርሊ ሂልስ የመኖሪያ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከዚያ አደጋ በኋላ የለመደው ኮዴይን የተባለ የሕመም ማስታገሻ እስከ ሞቱ አልለቀቀውም።

የጀርም ፍርሃቱን በቅጽል አትግለጹት፣ ትእዛዙን አንብቡላቸው። የታሸገ ፍራፍሬ እንዴት እንደሚቀርብለት ለአገልጋዮቹ ያስጻፈው መመሪያ 9 ደረጃ አለው፦ ጣሳው ከአናቱ 2 ኢንች ዝቅ ብሎ ጀምሮ በሳሙናና በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ወረቀቱ ተልጦ ብረቱ እስኪገለጥ ድረስ። እዚህ ላይ በድምፃችሁ ለማሳቅ አትሞክሩ፤ በቀስታ አንብቡት፣ ከዚያ 2 ሰከንድ ዝም በሉ።

ከሰው ዓይን ስለ መሰወሩ ስታወሩ ጃንዋሪ 7 ቀን 1972ን ተጠቀሙ። በስሙ የተዘጋጀ ሐሰተኛ ግለ ታሪክ ሊታተም ሲል፣ ከባሃማስ በስልክ ለ7 ጋዜጠኞች መልስ ሰጠ። ጋዜጠኞቹ ፊቱን አላዩም፤ ድምፁን ግን ለዩት።

ኤፕሪል 5 ቀን 1976 ከአካፑልኮ ወደ ሂዩስተን ሲበር አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ክብደቱ 41 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. ማንነቱን ያረጋገጠው በጣት አሻራ ነው። ጥፍሩን ማንሳት ካለባችሁ፣ ቦታው እዚህ ነው።