የዲዝል ፒክአፕ የነዳጅ መርገጫ ሴንሰር ሲግናል ሲረበሽ፦ ችግሩ ማሳው (ከረንቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት የብረትና የገመድ መስመር) ላይ ነበር

ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ላይ መብራትና ማራገቢያ ሲበራ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፣ ጉልበት ያጣል፤ ሚኒሞውም (መርገጫው ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ይዋልላል። የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበው የብልሽት ኮድ ፒ2138 ነው፤ የመርገጫው ሁለት ሲግናሎች አልተጣጣሙም ማለት ነው።

መርገጫውን ከነሴንሰሩ መቀየር ምንም አልለወጠም። ሶኬቱን በኮንታክት ክሊነር ማጠብም እንዲሁ።

መንገዱን ያሳየው ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ነው። ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሲለካ ሲግናሎቹ 0.8 እና 1.6 ቮልት ላይ ረግተው ቆሙ። ሞተሩ ተነስቶ መብራት ሲበራ ግን ቁጥሩ መዝለል ጀመረ። ስለዚህ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ባትሪው ላይ በኤሲ (ተለዋዋጭ ከረንት) ሲለካ ከ0.1 ቮልት በታች ስለሆነ ኤሲውን ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) የሚቀይሩት የዲናሞው ዳዮዶችም ደህና ናቸው። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት በዲሲ ሲለካ ግን 0.6 ቮልት ተገኘ! መብራትን የመሰለ የኤሌክትሪክ ጭነት እያለ ከ0.2 መብለጥ የለበትም።

ሞተሩን ከሻንሲ የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ቡሎኑ ስር አረንጓዴ ዝገት ይዞ፣ ጭቃም ደርቆበት ነበር። ገመዱ ሲደክም የዲናሞው ከረንት በቀጫጭኖቹ የሴንሰር ማሳዎች በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ ሲግናሉን የሚያናውጠው ይህ ነው።

መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ገመዱ የሚታሰርባቸው ሁለቱም መቀመጫዎች ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጉ፤ ምንም ቀለም ተርፎ መታየት የለበትም። 25 ካሬ ሚሊሜትር አዲስ ገመድ ይታሰር፣ ግሪሱ ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ይቀባ። አሁን ልኬቱ 0.04 ነው፤ ኮዱም ከጠፋ በኋላ አልተመለሰም።

የሴንሰሩን ማሳ ቆርጦ ቦዲ ላይ ማሰር ግን አይሞከር፤ ኮምፒውተሩ ሲግናሉን የሚያነበው ከራሱ ማሳ አንጻር ነው።