በዩትሪኩላሪያ ከረጢት ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንን በማይክሮስኮፕ እንዴት ማየት ይቻላል

ዩትሪኩላሪያ ሥር የሌለው ሥጋ በል ተክል ነው፤ እዚህ የምንፈልገው በውኃ ውስጥ የሚኖረውን ዓይነት ነው። ክር መሳይ ቅጠሎቹ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ከረጢቶች አሉ፤ በራቸው ላይ ያለው ፀጉር ሲነካ በቅጽበት ተከፍተው ውኃውን ከነነፍሳቱ ይምጋሉ። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርደው በጣና ዳር፣ ከደንገሉ ሥር ውኃው ረጋ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ። ሐይቁ ቢልሃርዝያ ስላለበት የላስቲክ ቦትና ረጅም ጓንት ያድርጉ፤ ልጆች ሲዋኙ አይቶ መዳፈር አያዋጣም።

ሰፊ አፍ ያለውን ዕቃ ውኃው ውስጥ አጥልቀው ተክሉን ከነውኃው ይቅዱት። አንጠልጥለው ካወጡት ከረጢቶቹ አየር ይጎርሳሉ፤ በኋላ የሚያዩት ጥቁር ጠርዝ ያለው አረፋ ብቻ ይሆናል። የዕቃውን ሲሶ ባዶ ይተዉ፣ ከፀሐይ ይከልሉት፣ የቧንቧ ውኃ አይጨምሩበት (ክሎሪኑ ረቂቅ ተሕዋስያኑን ይገድላል)። በዚያው ቀን ይመርምሩት።

ከሐይቁ ውኃ ጥቂት አፍልተው ያቀዝቅዙና በሦስት ነጭ ሲኒ ይክፈሉት። ከቅርንጫፉ ጫፍ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ለጋ ከረጢት፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ጠቆር ያለ ይቁረጡ፤ በወረንጦ ግንዱን እንጂ ከረጢቱን አይያዙ። በየተራ ሦስቱም ሲኒ ውስጥ ይለቅለቁ። ከሦስተኛው ሲኒ አንድ ጠብታ በሌላ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ለብቻ ይመልከቱ። ጠብታው ውስጥ ብዙ የሚዋኝ ነገር ካለ እጥበቱ አልበቃም፤ ከከረጢቱ የወጣውንና ከውጭ የተጣበቀውን መለየት አይችሉም። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፣ ድካሙም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከረጢቱን በጠብታ ውኃ ውስጥ ስላይድ ላይ ያኑሩ፤ ስስ ስለሆነ መጀመሪያ ሳይከፍቱት በ40 እጥፍ ይዩት። ከዚያ በቀጭን የሲሪንጅ መርፌ ቀደው ሽፋን መስታወቱን በአንድ ጎኑ ቀስ ብለው ያስተኙ፤ በ100፣ ቀጥሎም በ400 እጥፍ ይመልከቱ። ጠብታው ሳይደርቅ ይፍጠኑ።

በአሮጌው ከረጢት ባክቴሪያ፣ አረንጓዴ አልጌ፣ በፀጉራቸው የሚቀዝፉ ሲሊየቶች ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ባሉበት የሚንቀጠቀጡ ነጥቦች ሁሉ ሕይወት አላቸው አይባልም፣ ውኃው ራሱ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ አቅጣጫ ይዞ የሚሄደውን ይቁጠሩ። ለጋው ከረጢት ብዙ ጊዜ ባዶ ይመስላል፣ ማኅበሩ የሚደራጀው በዕድሜ ነው።

ነፍሳት ያልያዘ ከረጢትም ነዋሪ አያጣም። ውስጡ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ተክሉ ከሠራው ስኳር ወደ ከረጢቱ ስለሚያፈስ ለተከራዮቹ ቀለብ ይሰፍራል። ባክቴሪያው ያን ይበላል፣ ሲሊየቱ ባክቴሪያውን።

የተረፈውን ተክል ወደ ሌላ ኩሬ አይጣሉት፤ አድርቀው ያቃጥሉት።