ዊንዶውስ 11 ከጫናችሁ በኋላ ላፕቶፑ ቢንቀራፈፍ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ አካባቢ ባለችው የጥገና ሱቄ የምሰማው ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ወደ 11 አሳደግኩት፣ ከዚያ ወዲህ ስታክ ያደርጋል። ፎርማት አድርጊልኝ።» እኔ ግን ቶሎ ብዬ ፎርማት አላደርግም። አብዛኛው ላፕቶፕ አልተበላሸም። የጀመረውን ሥራ ነው ያልጨረሰው።

አዲሱ ዊንዶውስ ተጭኖ ዴስክቶፑ ብቅ ሲል ሁሉም ያለቀ ይመስላል። ከጀርባ ግን ገና ነው። ፋይሎቻችሁን ለፍለጋ እንዲመቹ እንደገና ይመዘግባል። ዲፌንደር፣ ማለትም የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ይፈትሻል። ድራይቨር (የላፕቶፑን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) እና ተጨማሪ አፕዴት ይወርዳል። መብራትና ኢንተርኔት በማይቋረጥበት ቤት ይሄ ቢበዛ በጥቂት ቀን ያልቃል። እኛ ጋ መብራቱ ሄድ መጣ ይላል፣ ኢንተርኔቱም ከስልክ በሆትስፖት፣ ያውም በፓኬጅ ነው። ሥራው እየተቆራረጠ ሳምንታት ይጎተታል።

በቅርቡ አንድ ጋሼ የእድራቸው መዝገብ ያለበትን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አንዷን ኤክሴል እስኪከፍት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል» አሉኝ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንኩና ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ላይ ቆሟል። ዲስክ የሚለውን ጽሑፍ ራሱን ስነካው ዲስኩን የያዙት ወደ ላይ ወጡ፤ የዲፌንደሩ አንቲማልዌር ሰርቪስና ፋይሎቹን ለፍለጋ የሚመዘግበው ሰርች ኢንዴክሰር።

«ጋሼ፣ ሲከፍቱት ምን ያህል ይቆያሉ?»

«መዋጮ ልመዘግብ ግማሽ ሰዓት ብቆይ ነው። ከዚያ እዘጋዋለሁ።»

ያውም በባትሪ። ዊንዶውስ የጀርባ ሥራውን በደንብ የሚያካሂደው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ማንም ሳይነካው ሲቀር ነው። እሳቸው ሲከፍቱት ይጀምራል፣ ሲዘጉት ያቋርጣል። ምንም ሳልፈታ መለስኳቸው። ማታ ሰክተው፣ ክዳኑን ሳይዘጉ እንዲያሳድሩት ብቻ ነገርኳቸው። በኋላ ደውለው «ልጄ፣ ተፈወሰ» ሲሉኝ ደስ አለኝ።

እናንተም መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር ግቡ። ቻርጀር ላይ ሲሆን እንዳይተኛ ስሊፑን ኔቨር አድርጉት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና አሳድሩት፤ አልጋ ወይም ጋቢ ላይ አይሁን፣ የአየር መግቢያው ይታፈናል። ፓኬጃችሁ እንዳያልቅ ከሰጋችሁ የሆትስፖቱን ዋይፋይ ሜተርድ ኮኔክሽን አድርጉት፤ ያኔ አብዛኛው አፕዴት በራሱ አይወርድም። ግቢ ወይም መሥሪያ ቤት ጥሩ ዋይፋይ ስታገኙ አፕዴቱን እስኪጨርስ አውርዱት፣ ሪስታርትም አድርጉት። በግማሽ የቆመ አፕዴት ኮምፒውተሩን ዕረፍት ይነሳዋል።

ጥቂት ሌሊት አሳድራችሁትም ዲስኩ ከ100 ካልወረደ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ግቡና ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ እዩ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ መልሱን አገኛችሁት። ብዙ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ነው። አንዲት ክንድ እዚህም እዚያም እየሮጠች ታነብለታለች። ዊንዶውስ 11 በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ ትንንሽ ነገር ስለሚጠይቃት አትደርስም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ለኤስኤስዲ አውጡ። ባለሙያው የነበረውን ሁሉ ወደ አዲሱ መገልበጥ ይችላል፣ ስለዚህ ፎርማት የግድ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ሌላውን ሁሉ ተዉትና ፋይላችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ።

ራም፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ላይ ብዙ አልልም። ዊንዶውስ 11 በ4 ጊጋ ይጫናል፤ ክሮም ሲከፈት ግን ይጨነቃል። 8 ይሁንላችሁ። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ላፕቶፕ ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍታችሁ አሳዩ።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ የሲፒዩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፍጥነት ነው። እዚያው ፐርፎርማንስ ውስጥ ስፒድ የሚል አለ። ሥራ እያሠራችሁት 2 ጊጋኸርዝ ሊሆን የሚገባው 0.7 ወይም 0.8 ላይ ተተክሎ ከቀረ፣ ወይ ግሏል ወይ ቻርጀሩ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ የራሱ ያልሆነ ቻርጀር ሲሰካበት ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት። ፍጥነቱ ከተመለሰ ቻርጀሩን ለውጡ። ካልተመለሰ ፋኑን አስጠርጉ። የእኛ ሚያዝያ ሙቀት ላይ አቧራ የያዘ ፋን ሲጨመርበት የትኛውም ላፕቶፕ አይችልም።

ስክሪኑ ገጽ ስታወርዱ እየተንገጫገጨ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስፕሌይ አዳፕተር ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልገባም ማለት ነው። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ የሞዴላችሁን አውርዳችሁ ጫኑ። ይሄ በተለይ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች በሆኑ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ያጋጥመኛል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን ለእነሱ አይፈቅድም፣ ሰው ግን እያዞረ ይጭነዋል።

አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ጋ ዲሴብል አድርጉ፤ የማትጠቀሙበትን ብቻ። ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ ካለ አጥፉት፣ ዲፌንደር ይበቃችኋል።

ሲ ድራይቩ ሞልቶ ከሆነ ዊንዶውስ ኦልድ የሚባለው ፎልደር ብዙ ጊጋ ይዞ ተቀምጦ ይሆናል። አሮጌው ዊንዶውስ ነው። አትቸኩሉበት። እሱ እያለ፣ ባሳደጋችሁ በ10 ቀን ውስጥ፣ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ገብታችሁ ጎ ባክ በማለት ወደነበራችሁበት መመለስ ትችላላችሁ። ካጠፋችሁት ያ በር ይዘጋል። ለመቆየት ከወሰናችሁ በስቶሬጅ ሴቲንግ በኩል አጥፉት።

ይሄ ሁሉ አልፎ ፎርማት የግድ ከሆነ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ዴስክቶፕና ዶክመንት ብቻ አይደለም፤ ዳውንሎድ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደርም ጭምር። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚገኘው እዚያ ነው። ጸሐፊዎች ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ካላችሁ ፎንቱን ከዊንዶውስ ፎልደር፣ ፎንትስ ከሚለው ውስጥ አብራችሁ ቅዱ። ያለ እሱ ደብዳቤው ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ነው የሚወጣው።