ግቤ በረሃ ሳትወርዱ የመኪናችሁን ኤሲ እንዴት እንደምታስፈትሹ

ጅማ ውስጥ ኤሲ ትዝ የሚለን አዲስ አበባ ልንሄድ ስንነሳ ነው። ከተማችን 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፈረንጅ አራዳ ሂርማታ ደርሶ ለመመለስ መስኮት ከፈት ማድረግ ይበቃል። አባልቲን አልፋችሁ ቁልቁል ወደ ግቤ ስትወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈው፣ መጋቢት ላይ፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ኤሲዬ ሙቅ አየር መንፋት ጀመረ። ከኋላ እናቴና የአራት ዓመት ልጄ ተቀምጠዋል። መስኮት ስንከፍት የጭነት መኪና ጭስ ይገባል፣ ስንዘጋ እንደ ምድጃ ይፋጃል። የልጄ ፊት ቲማቲም መሰለ። ከወር በፊት ደግሞ ጋዝ አስሞልቼ ነበር። መካኒኩ ልጅ «ጋሼ፣ ጋዙ አልቆ ነው፤ ሞልቼልዎታለሁ» አለኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ለምን አለቀ ብዬ አልጠየቅኩም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ነው የሚሰራው። በብዙ ዓመት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። በወር ባዶ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ሾልኳል። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሞላት በተቀደደ ጀሪካን ውሃ መቅዳት ነው።

ፍተሻውን ጥምቀት እንዳለፈ ብታደርጉት ጥሩ ነው። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ የፋሲካ ጉዞም እዚያው ላይ ይመጣል።

1. መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩት

ሞተሩን አስነሱና ኤሲውን ክፈቱ። ቅዝቃዜውን መጨረሻ ላይ፣ ፋኑን ከፍተኛ ላይ አድርጉ። የውስጥ አየር የሚያዞረውን ቁልፍም ተጫኑ። ኤሲው ሲከፈት ከኮፈኑ ስር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ የሞተሩም ድምፅ ትንሽ ይከብዳል። ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን ጨምቆ በቱቦው የሚያዞረው ክፍል፣ ስራ ጀመረ ማለት ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ይህ ድምፅ የለም።

ተራ ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃለኛው የአየር መውጫ ውስጥ ሰክታችሁ አስር ደቂቃ ጠብቁ። ደህና ኤሲ ከ10 ዲግሪ በታች ያወርደዋል። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

2. ነፋሱ ነው የደከመው ወይስ ቅዝቃዜው?

ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ አቅም ካነሰው፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የካቢን ፊልትሮውን ነው። በብዙ መኪኖች ከጋቢናው ተሳፋሪ ፊት ካለው የክሩስኮት መሳቢያ ጀርባ ይገኛል። መሳቢያውን ከፍታችሁ በእጅ ማውጣት ይቻላል። የእኔን ሳወጣው ነጭ መሆኑ ቀርቶ የተቆላ ቡና መስሎ ነበር፤ በመሃሉ ደረቅ ቅጠልና የሞተ ንብ ተሰግስጎበታል። ከጅማ ወጣ ብሎ በፒስታ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ቶሎ ይደፈናል። ዋጋው ቀላል ነው፣ ቀይሩት።

ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ወደሚቀጥለው እለፉ።

3. ኮንዴንሰሩንና ቺንጋውን እዩ

ኮንዴንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት የቆመው ነው። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው እሱ ስለሆነ አቧራና ነፍሳት ከሸፈኑት ኤሲው አይቀዘቅዝም። ሞተሩ ሲበርድ በቀስታ በሚፈስ ውሃ አጽዱት። ላቫጆ ስትወስዱት ግን በኃይለኛው ውሃ እንዳይመቱት ንገሯቸው። ቀጫጭኖቹ ክንፎች ከተጣመሙ አየር አያሳልፉም። ቺንጋው ተሰነጣጥቆ ወይም ላልቶ እንደሆነም እዩ። ኤሲ ሲከፈት የራዲያተሩ ፋን ካልዞረ ፊውዙን ወይም ሪሌውን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

4. የሾለከበትን ፈልጉ

ጋዙ ብቻውን አይወጣም፤ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የቱቦዎቹን መገጣጠሚያ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ሌላው ደረቅ አቧራ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወዝ ያለው ጥቁር ቆሻሻ ከተጣበቀ፣ እዚያ ጋ ነው። የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ አረፋ ከነፋ ተረጋገጠ። የእኔ እንዲህ ነው የተገኘው፤ ኮምፕሬሰሩ ጋ ያለች ትንሽ የጎማ ቀለበት ነበረች።

ከመኪናው ስር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹህ ውሃ አያስደንግጣችሁ። ኤሲው ከአየሩ ያወጣው እርጥበት ነው፣ ጤነኛ ነው።

ቱቦውን ግን ራሳችሁ አትፍቱ። በብዛት የምንጠቀመው አር 134ኤ ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነው። ቆዳ ላይ ካረፈ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው።

5. ጋራዥ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ

አፍራችሁ ዝም አትበሉ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚያፈስበትን እንይ» በሉ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

ቀጥሎ በሁለቱም በኩል፣ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ግፊት፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ይሰካ። ጥገናው ካለቀ በኋላ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ ይውጣ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። አየርና እርጥበት ውስጥ ከቀረ ኤሲው አይቀዘቅዝም፣ ኮምፕሬሰሩም ይበላሻል። ፓምፑ ጠፍቶ ጌጁ ለጥቂት ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። መርፌው ከተመለሰ አሁንም ቀዳዳ አለ።

እዚህ ላይ እንደ ጅማ ከፍ ባለ ቦታ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጌጁ ላይ የቫኪዩሙ መጨረሻ 30 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚል ምልክት ስላለ፣ መርፌው እዚያ ካልደረሰ ፓምፑ የደከመ የሚመስለው ሰው አለ። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ ያነሰ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ተስቦም መርፌው 24 አካባቢ ነው የሚቆመው። ፓምፑ ምንም አልሆነም።

ጋዙ በሚዛን ይሞላ። ስንት ግራም እንደሚወስድና የጋዙ ዓይነት ከኮፈኑ ስር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ሲበዛም ኤሲው በደንብ አይቀዘቅዝም፣ ኮምፕሬሰሩም ይጨነቃል። «ርካሽ ነው» ተብሎ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ቢቀርብላችሁ በፍጹም አትቀበሉ፤ ተቀጣጣይ ነው፣ ቱቦው ደግሞ ጋቢና ድረስ ይገባል።

6. ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን መልሳችሁ ስኩት

የመጀመሪያውን ሙከራ እዚያው ጋራዥ ደጃፍ ድገሙትና ከያዛችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩ። ካልወረደ ስራው አላለቀም።

ከዚያ በኋላ ኤሲውን ክረምት ላይም በሳምንት አንድ ቀን ለአስር ደቂቃ ክፈቱት። ዘይቱ እየዞረ የጎማ ቀለበቶቹን ያርሳል፣ እንዳይደርቁ ይጠብቃል። የጅማ ዝናብ ሲወርድና የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ሲጋረድ ደግሞ ከጨርቅ ይልቅ ኤሲውን ክፈቱ፤ አየሩን ስለሚያደርቀው መስታወቱ ወዲያው ይጠራል።