ድረ ገጹ ብሮውዘራችሁን አላስገባም ሲል

ፎርም ልትሞሉ ወይ ቀጠሮ ልትይዙ ስትሉ ገጹ 403 (መግባት ተከልክሏል) ብሎ ይመልሳችኋል። ወይ «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ይልና ሳጥኗን ነክታችሁ ስትጨርሱ ተመልሶ እዛው። ያኔ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው፤ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ። አታድርጉት። በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ የሚልክ ሰው ሮቦት ስለሚመስላቸው 429 (ጥያቄ አብዝተሃል) ብለው ጭራሽ ይዘጉባችኋል። እጃችሁን ሰብስቡና ትንሽ ቆዩ።

ከዛ የተከለከለው ብሮውዘሩ ነው ወይስ የኢንተርኔት መስመሩ የሚለውን ለዩ። ዋይፋዩን አጥፉና በሞባይል ዳታ ሞክሩ። ከተከፈተ ችግሩ መስመሩ ነው። ካልተከፈተ በዛው ስልክ ሌላ ብሮውዘር ሞክሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ግማሽ ቀን ያተርፋል።

መስመሩ ከሆነ መጀመሪያ የማየው ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔታችንን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚያሳልፈው አፕ ነው። በ2015 ዓ.ም ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ በነበረ ጊዜ የጫንነው እስካሁን ስልካችን ላይ ያለ ብዙዎች ነን፣ ማጥፋቱንም እንረሳለን። በነፃ ቪፒኤን ብዙ ሰው በአንድ አይፒ አድራሻ (ድረ ገጹ መስመሩን በሚለይበት ቁጥር) ነው የሚወጣው። አንዱ ጥፋት ከሠራ ሁሉም ይቀጣል። ቪፒኤን ባይኖራችሁም የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኛን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ስለሚያስቀምጡ በማታውቁት ሰው ጦስ ልትታገዱ ትችላላችሁ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጋችሁ መመለስ አንዳንዴ አዲስ አድራሻ ይሰጣል። ኦፔራ ሚኒም ዳታ የሚቆጥበው ገጹን በራሱ ሰርቨር አሳልፎ ስለሆነ ድረ ገጹ የሚያየው እናንተን ሳይሆን ያንን ሰርቨር ነው። ለባንክና ለኤምባሲ ገጽ በክሮም ወይ በፋየርፎክስ ግቡ።

ብሮውዘሩ ከሆነ በኢንኮግኒቶ (ታሪክ በማያስቀምጠው የብሮውዘሩ መስኮት) ክፈቱት። እዛ ከሠራ ወይ ያረጀ ኩኪ (ድረ ገጹ ብሮውዘራችሁ ላይ ያስቀመጠው ትንሽ ፋይል) ነው ወይ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የጫናችሁት ተጨማሪ)፣ በተለይ ማስታወቂያ የሚያግደው። የዛን ድረ ገጽ ኩኪ ብቻ አጥፉ። ሁሉንም ጠራርጋችሁ ከየአካውንቱ ከወጣችሁ በኋላ ፓስዎርድ ፍለጋ ብትገቡ በኔ እንዳታመካኙ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ አንድም ገጽ አልከፈት ብሎ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ሲያሰቃየው ሰነበተ፣ ኢንተርኔት ቤት ወስዶም ፎርማት ይደረግ ተብሏል። ሳየው ቀኑን በኛ አቆጣጠር ሞልቶታል! ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ስለቆመ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጀመረ መሰለው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ወይ አውቶማቲክ አድርጉት፤ የሰዓት ክልሉም የአዲስ አበባ ወይ ያላችሁበት ሀገር ይሁን። በተዘጋ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች።

እርጅናም አለ። ዊንዶውስ 7 ላይ የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣ። አንዳንድ ገጾች ያንን አይተው በሩን ይዘጋሉ። አፕዴት የማይቀበል ያረጀ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ፋየርፎክስ ጫኑበት፤ የሚያምናቸውን ሰርተፊኬቶች ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ክሮም እምቢ ያለውን ሊከፍት ይችላል።

በሁሉም መስመር፣ በሁሉም ብሮውዘር እምቢ ካለ የዘጋው ባለቤቱ ነው። ክላውድፍሌር በሚባለው፣ ድረ ገጾችን ከጥቃት በሚከላከለው ድርጅት የሚጠበቅ ገጽ 1009 ካለ ያላችሁበትን ሀገር በሙሉ አግዷል ማለት ነው። ከታች «ሬይ አይዲ» የሚል የቁጥርና የፊደል ድብልቅ ታያላችሁ። ስክሪንሾት አንሱና ከነሰዓቱ ለባለቤቶቹ ኢሜይል አድርጉ፤ «አልሠራልኝም» ብቻ ብትሏቸው ምንም አያገኙም።

አንድ ነገር ግን። ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭናችሁ የሆነ ጽሑፍ ፔስት አድርጉ የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ እሱ ሌባ ነው። ቫይረሱን በገዛ እጃችሁ ሊያስጭናችሁ ነውና ምንም ሳትነኩ ዝጉት።